ደጅ የሚጠናው አልበም

ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ በሚነገርበት መድረክ ሁሉ ስማቸው በክብር የሚጠራ ሥራዎች አሉ። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺው ሥራ ታሪክ ነው ይባላል። የጋዜጠኛው ሥራ ማስረጃ ነው ይባላል። በዐውደ ርእይ ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትሞ የሚሰቀለው የባለሙያው ሥራ ደግሞ ጥበብ ነው ይባላል። በእሑድ ቀን ቤተሰቡን አስከትሎ፣ አገልግሉን አንጠልጥሎ ከከተማ ወጣ የሚለውና ልጆቹን አደይ አበባ መካከል አቁሞ የሚያነሣው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ የትንሽ ከተማ መምህር ወይም የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሥራ ግን ስም አልወጣለትም። ቢበዛ «ትዝታ» ይባላል። ትዝታ መባሉም ምስጋና ሳይሆን ማሰናበቻ ነው፤ ለቤተሰብህ አሳየው፣ ወደዚህ ግን አታምጣው ማለት ነው።

ይህ አስተያየት በአንዳንድ የጥበብ ሰዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሳይመረመር እንደ እውነት ሲያገለግል ኖሯል። አማተሩም ራሱ አምኖበታል። አልበሙን አውጥቶ ለእንግዳ ሲያሳይ «ይህ እንኳ ተራ ነገር ነው» እያለ ገጹን ቶሎ ቶሎ የሚገልጠው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ተራ የተባለው ነገር በእርግጥ ተራ መሆኑና፣ ተራ ነውስ ቢባል ተራ ነገር በሥነ ጥበብና በታሪክ መዝገብ ውስጥ ቦታ የሚነፈገው በማን ፍርድ እንደ ሆነ ነው።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን መንገድ መለስ ብሎ የተመለከተ ሰው አማተሩን በቀላሉ አያሰናብተውም። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 በመቅደላው ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት ፎቶ አንሺዎች የምድሩን መልክ የመዘገቡት ለዘመቻው አገልግሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ካሜራው ቤተ መንግሥት ገባ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ነገሥታቱንና መኳንንቱን አነሡ። ቀጥሎ ፎቶ ቤት መጣ። በየከተማው በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በጨርቅ ላይ በቀለም የተሣለ ሐይቅ ወይም አውሮፕላን ከጀርባው አድርጎ ተነሣ። ጦሩ የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ ቤተ መንግሥቱም የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ ፎቶ ቤቱም ገበያ ነበረው። ከሁሉም ዘግይቶ የመጣው አማተር ግን የሚያነሣው ከማንም ሳይታዘዝና ከማንም ሳይከፈለው ነው። አማተር የሚለው ባዕድ ቃል ራሱ በላቲን «አፍቃሪ» ከሚለው የመጣ መሆኑን ሰውየውን ለማቃለል የሚጠቀሙበት ሁሉ አያስታውሱትም። ሰውን ከተሣለው ሐይቅ አንሥቶ ወደ እውነተኛው ሐይቅ የወሰደው ይህ ሰው ነው።

ወደ እውነተኛው ሐይቅ የወሰደውም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወቅት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ፣ መንገዱ ሲደርቅና ሰማዩ ታጥቦ ሲጠራ። ይህ ወቅት በአቆጣጠሩ መሠረት መጸው ይባላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ነው። በልማድ ብዙ ሰው «ፀደይ» እያለ ይጠራዋል። ፀደይ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። አበባ በታየ ቁጥር ፀደይ ማለት የሀገሩን ሜዳ ሳይሆን የአውሮፓን መጽሐፍ አይቶ መናገር ነው።

የስም ስሕተቱ ትንሽ ይመስላል፤ በፎቶግራፍ ሥራ ላይ ሲደርስ ግን ትንሽ አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መጸው የመርገፍ ወቅት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲቃረብ በቅጠሉ ውስጥ አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ይፈርስና ቀድሞም የነበረው ቢጫ ይገለጣል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይወድቃል። ስለዚህ የዚያ ሀገር ፎቶ አንሺ ጭጋግን፣ ባዶ ወንበርን፣ እርጥብ መንገድ ላይ የተጣበቀ ቅጠልን ቢያነሣ ያየውን ማንሣቱ ነው፤ ኀዘኑም የራሱ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን መጸው ሲገባ ቢጫ የሚሆነው የሚወድቀው ሳይሆን የሚከፈተው ነው። አደይ አበባ በክረምቱ ማብቂያ ብቅ ብሎ ሜዳውን ይሞላዋል፤ ከዚያ እሸቱ ይደርሳል፤ በኅዳር ጤፉ ይታጨዳል፤ ክምሩ በየአውድማው ይቆማል። ባሕር ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ለብሶ ይኖራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ፎቶ አንሺ «መጸው» የሚል ርእስ ለሰጠው ሥራው የረገፈ ቅጠል ፍለጋ ከከተማው መናፈሻ ወደ መናፈሻ ሲንከራተት ይታያል። ፈልጎ ያገኘውን አንድ ደረቅ ቅጠል በድንጋይ ላይ አስቀምጦ ያነሣዋል። ኀዘኑንም አብሮ ተውሶታል።

አማተሩ ይህን ስሕተት አይሠራም። የማይሠራውም ከዐዋቂነት አይደለም፤ ኀዘኑን ማን እንዳዘዘው ስለማያውቅ ነው። እሱ የሚያነሣው በእሑዱ ቀን ከፊቱ ያለውን ነው፤ እህል የሚበላ ወይፈን የሚያባርር ልጅ፣ አዲስ የደንብ ልብሷን ለብሳ አዲስ ደብተር የታቀፈች ተማሪ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት በተግባር ለመፈጸም ሥጋ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የሚገባ ጎረቤት። ጥቁርና ነጭ ፊልም በነበረበት ዘመን ደግሞ የአደዩ ቢጫ በወረቀቱ ላይ ወደ ነጭ ያደላ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ በብዙ አልበም ውስጥ በነጭ ነጠብጣብ በተሞላ ግራጫ ሜዳ ላይ የቆሙ ልጆች ይታያሉ። የማያውቅ ሰው በረዶ የጣለ ሊመስለው ይችላል። የሚያውቅ ሰው ግን ቢጫውን ከራሱ ይጨምርበታል፤ ይህም ከቀለም ፖስተር የማይገኝ የተመልካች ድርሻ ነው።

ስለ ፖስተር ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ሊባል ይገባል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለቱሪዝም ሥራ ያወጡት «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ከዐርባ ዓመት በላይ አገልግሏል። ለማስታወቂያነቱ እንከን አይወጣለትም፤ እንግዳ ለመጥራት የተባለ ነውና እንግዳ ጠርቷል። በእንግሊዝኛው ግን ፀጋ የተባለው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያለበት ምድር ደግሞ ክረምት የለውም። ክረምት ከሌለ መጸው የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። የፖስተሩ አደይ አበባ ከየት እንደ በቀለ አይታወቅም፤ አበባውን ታቅፋ የምትስቀው ልጃገረድም ጫማዋ ላይ ጭቃ የለም። በአማተሩ ፎቶግራፍ ውስጥ ግን ጭቃው አለ። የደረቀ ጭቃ በአባትየው ጫማ ተረከዝ ላይ፣ በልጆቹ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ በብስክሌቱ ጎማ ላይ ይታያል። ሦስት ወር ሙሉ ቤት ዘግቶ የዋለ ቤተሰብ በመጀመሪያው ደረቅ እሑድ ለምን ያን ያህል ርቆ እንደ ሄደ፣ በተጎዳጎደ መንገድ ለምን ያን ያህል ደስ ብሎት እንደ ተጓዘ ያስረዳው ጭቃው ነው።

የአማተሩን ሥራ የሚነቅፉት ወገኖች በመጀመሪያ የሚያነሡት ስሕተቱን ነው። አድማሱ ተዳፍቷል፣ የአያትየው መቀነት ሲታይ ራሳቸው ተቆርጧል፣ ሁሉም ዐይኑን ጨፍኗል፣ ከታች በኩል የፎቶ አንሺው ጥላ ገብቷል ይላሉ። ልክ ነው፤ ገብቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ጉድለቶች ከየት እንደ መጡ ቢጠየቅ መልሱ ግድየለሽነት አይሆንም። ርካሽ ካሜራ ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለ ነበር ከካሜራው ጋር የሚሰጠው የመመሪያ ወረቀት «ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ» ይል ነበር። አማተሩም እንደ ታዘዘው አደረገ። ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን የሚነሡት ሰዎች ፊታቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ፤ በመስከረም የታጠበ አየር ውስጥ ደግሞ ያቺ ፀሐይ ዐይን አታስከፍትም። የራሱም ጥላ ወደ ፊት ይወድቃል። በአልበሙ ውስጥ በአንድም ፎቶግራፍ ላይ የማይገኘው የቤተሰቡ አባል ካሜራውን የያዘው ሰው ነውና፣ እሱ እዚያ እንደ ነበረ የሚመሰክርለት ከልጆቹ እግር ሥር የተዘረጋው ያ ባለ ባርኔጣ ጥላ ብቻ ነው። ነቃፊው እንደ ጉድለት የቆጠረውን ልጆቹ ካደጉ በኋላ በጣታቸው እየነኩ «ይኸውና አባባ» ይሉታል።

ሁለተኛው ምክንያት ፊልሙ ነው። ዛሬ የተዘነጋ ቢሆንም፣ የፊልም ጥቅልል በቁጥር የሚሰፈር ነገር ነበር፤ እንደ ካሜራው ዐይነት 8፣ 12 ወይም 36 ምስል ይይዛል። ለፊልሙም ለማሳጠቢያውም ለማሳተሚያውም ይከፈላል። በዚህ የተነሣ በትንሽ ከተማ የሚኖር ደመወዝተኛ በእንቁጣጣሽ የጫነው ፊልም እስከ ገና ካሜራው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሲታጠብ በአንዱ ኔጋቲቭ ላይ አበባ ይዘው የመጡ ልጃገረዶች፣ ቀጥሎ የደመራ ችቦ፣ ቀጥሎ ወደ ሐይቅ የተደረገ የእሑድ ጉዞ፣ ቀጥሎ የታመመ ዘመድ ጥየቃ፣ ቀጥሎ ክምር፣ መጨረሻ ላይ የገና ጨዋታ ተከታትለው ይወጣሉ። አንድ ጥቅልል አንድ መጸው ነው። የትኛውም ባለሙያ ያን ቅደም ተከተል አስቦ ሊደረድረው አይችልም፤ የደረደሩት ወቅቱና የኪስ ገንዘብ ናቸው።

በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው ክርክር ከበድ ያለ ነው። ጥበብ ምርጫና ዕውቀት ይጠይቃል፤ ልጁን ስለ ወደደ ብቻ ልጁን ያነሣ ሰው ጥበበኛ አይባልም ይላል። ለዚህ ክርክር ብዙዎች ቶሎ ብለው የሚሰጡት መልስ የውጭ ሀገር ስሞችን መጥራት ነው። ፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤተሰቡን ጨዋታና ሽርሽር ሲያነሣ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራው ሲታይ ዕድሜው 69 ደርሶ ነበር። በቺካጎ በሞግዚትነት ትተዳደር የነበረችው ቪቪያን ማየር ከ100,000 የሚበልጥ ኔጋቲቭ ስትሰበስብ ኖራ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይ ባለመክፈሏ ንብረቷ እ.ኤ.አ. በ2007 በሐራጅ ተሸጠ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2009 ዝናዋን ሳታይ ሞተች። እነዚህ ታሪኮች እውነት ናቸው፤ የሙዚየም ሰዎችንም ሊያሳፍሩ የሚገባቸው ናቸው።

ነገር ግን የአማተሩ ጠበቃ በዚህ መልስ ከረካ ክርክሩን ያለ ውጊያ አስረክቧል። በየአልበሙ ውስጥ አንድ ላርቲግ ተደብቆ ይሆናል በሚል ተስፋ አልበሙን መክፈት፣ የተደበቀ ሊቅ ካልተገኘ መልሶ መዝጋት ይሆናል። ያ ደግሞ ያው የነቃፊዎቹ ሚዛን ነው። ከሺህ አልበም በ999ኙ ውስጥ ሊቅ የለም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ራሱን በራሱ ዐይን ያየበት ምስል። ጦሩም፣ ቤተ መንግሥቱም፣ ፖስተሩም ያላነሡት እሑድ። አማተሩም ምርጫ አያጣም፤ 12 ምስል ብቻ ያለው ሰው በ12ቱም ላይ የሚወስነው ምን እንደሚቀር ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ሽርሽር ሲል ከሚያስታውሳቸው ከተሞች አንዷ የሆነችውን ቢሾፍቱን ለምሳሌ ማንሣት ይበቃል። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው፣ ለብዙ ዓመታት ደብረ ዘይት ስትባል በኖረችው በዚህች ከተማ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና በከተማዋ ስም የሚጠራው ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በከተማዋ ያልፍ ስለ ነበር ለባለ መኪናውም ለእግረኛውም የምትደረስ ነበረች። በመጸው መግቢያ የኢሬቻ በዓል አክባሪዎች እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ወደ ሆራ አርሰዲ ይወርዳሉ፤ ይህን በዓል ብዙ ካሜራ አንሥቶታል፣ ያነሣዋልም። ነገር ግን ከበዓሉ በኋላ ያሉትን ተራ እሑዶች ማን አነሣቸው? የሐይቁን አፋፍ ተከትለው በሰልፍ የወረዱ የእድር ጓደኞች፣ ውኃው ዳር ጨርቅ ዘርግተው አገልግል የፈቱ እናቶች፣ በእጁ የተንጠለጠለውን ትራንዚስተር ሬዲዮ ከራሱ መልክ ይልቅ እንዲታይለት ወደ ፊት ያስቀደመ ጎረምሳ የሚገኙት በቤተሰብ አልበም ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ ሆቴልና መዝናኛ የተሠራበት የሐይቅ አፋፍ ራሰ በራ ሆኖ፣ ግፋ ቢል ሁለት ግራር ይዞ የሚታየውም እዚያው ከሰዎቹ ትከሻ በላይ ነው። አማተሩ አፋፉን ሊያነሣ አልሄደም፤ ቢሆንም አነሣው።

የሐረማያ ሐይቅ ነገር ከዚህም የከፋ ነው። የሐረርና የዓለማያ ሰው፣ የኮሌጁም ተማሪ ይዝናናበት የነበረው ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚውልበት ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውኃው እየተመለሰ ቢመጣም፣ ቀድሞ ዳርቻው የት ድረስ እንደ ነበረ ለልጅ ለማሳየት ከሁሉ የሚቀርበው ምስክር የእሑድ ፎቶግራፍ ነው። ጀልባ ላይ የተቀመጠችው ሙሽራ ውኃውን ለታሪክ ለማቆየት አስባ አልተቀመጠችም። በተራነቱ የተናቀው ፎቶግራፍ ለተፈጥሮ ሀብት ተመራማሪውም፣ ለከተማ ፕላን ሠራተኛውም፣ ለልብስ ታሪክ አጥኚውም መዝገብ ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ይህ መዝገብ የት ነው ያለው? በካርቶን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ በቁም ሣጥን አናት ላይ ነው። የቀለም ፎቶግራፎቹ በጨለማ ውስጥ እንኳ እየተቀመጡ ሰማያዊው ቀድሞ ስለሚደበዝዝባቸው ወደ ቀይ እየተለወጡ ናቸው። ባለቤቱ ሲሞት አልበሙ ይከፋፈላል። ሠርጉን አንዱ ልጅ ይወስዳል፣ የምረቃውን ሌላው ይወስዳል፣ የክርስትናው የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። የማንም ልዩ ቀን ያልሆነው የመጸው ሽርሽር ግን ወራሽ የለውም። ግማሾቹ ሰዎች ስማቸው የተረሳ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ የቀረው ሜዳና ውኃ ነው። ቤት ሲፈርስ፣ ሰፈር ሲነሣ፣ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ወይም ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።

በአዲስ አበባ ነዋሪዎች አልበም ውስጥ የነበሩ ፎቶግራፎች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ሲወጡ ሥራው የተሠራው በጥቂት ወጣቶች ተነሣሽነት ነበር። ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የዋና ከተማው አልበም ሰብሳቢ ሲያገኝ፣ የደብረ ብርሃኑ፣ የአምቦው፣ የይርጋ ዓለሙ፣ የደሴው አልበም ገና ደጅ እየጠና ነው። ቤተ መዛግብትና ሙዚየሞች ፎቶግራፍ ሲቀበሉ የሚጠይቁት «ማን ነው የተነሣው?» ብለው ነው፤ ራስ ነው፣ ደጃዝማች ነው፣ ጳጳስ ነው? የቀበሌ ጸሐፊ ሚስት ናት የሚል መልስ የሚጻፍበት ሣጥን በቅጹ ላይ መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የፎቶግራፉን ጀርባ አብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል። የአማተሩ ፎቶግራፍ ጀርባው ባዶ አይደለም፤ «ለማስታወሻ ያህል» ከሚለው ጋር ቀኑ፣ ቦታው፣ አንዳንዴም ከግራ ወደ ቀኝ የሰው ሁሉ ስም በቀለም ብዕር ተጽፎበታል። ብዙ የተከበረ ፎቶግራፍ በቤተ መዛግብት ውስጥ «ያልታወቁ ሰዎች» ተብሎ ሲቀመጥ፣ ስም የተሟላለት ፎቶግራፍ ከደጅ ይመለሳል።

ዛሬ ሁሉም ሰው በኪሱ ካሜራ ይዟልና ይህ ሐሳብ ጊዜው አልፎበታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በዛሬው መስከረም በአንድ እሑድ የሚነሣው ምስል አማተሩ በሕይወት ዘመኑ ካነሣው ይበልጣል። ቀኑንና ሰዓቱንም ስልኩ ራሱ ይመዘግበዋል። ስም ግን አይመዘግብም፤ ስልኩ በታክሲ ውስጥ የጠፋ ዕለትም ሦስት መጸው በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ የብዛቱ ዘመን የአሮጌውን አልበም ዋጋ ከፍ አደረገው እንጂ አላወረደውም። የወረቀቱን ሰብስቦ ስም የመጻፍ ልማድ ያልያዘ ተቋም ነገ የስልኩን ከየት ጀምሮ እንደሚሰበስብ ሊያስረዳ አይችልም።

ሥራውን ለመጀመር ደግሞ ዐውደ ርእይ መጠበቅ የለበትም። በየወረዳው ያለ የባህል ጽሕፈት ቤት በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛ አውጥቶ፣ ፎቶግራፍ የሚገለብጥ መሣሪያና አንድ የሚጽፍ ሰው አስቀምጦ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አልበም ይዘው እንዲመጡ ሊጠራ ይችላል። ፎቶግራፉ ተገልብጦ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በመዝገቡም ላይ ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ የተናገሩት ይሰፍራል። የማን ጥላ እንደ ሆነ፣ ከግራ ሦስተኛዋ ማን እንደ ነበረች፣ ያን ዕለት ከሆራ ሲመለሱ መኪናው የት ላይ እንደ ተበላሸ።